ስድስተኛዋ ሲኒ የት ገባች? ከጦር ሜዳ የመጡ የቤት ዕቃዎችና መዘዛቸው

እስቲ ቡፌዎን ይክፈቱ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከጥግ በኩል፣ «እሷን እንዳትነኳት!» የሚባልላት ሲኒ ወይም ሳህን የለችም? ልጆች ቤት ውስጥ ሲሯሯጡ እናት ቀድማ የምታየው እሷን ነው። ትልቅ እንግዳ ቢመጣ አይጠጣባትም፤ ሠርግ ቢሆን ከቦታዋ አትወርድም። ለምን? ብለው ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ የሚያገኙት መልስ «አባቴ ከዘመቻ ያመጣት ናት» የሚል ነው።

ውድ አንባቢያን፣ በሰለጠነው ዓለም ይህ ነገር ስምም ገበያም አለው። በጦርነት ዘመን ለማስታወሻ የተሠሩ፣ ወይም ዘማቾች ይዘዋቸው የተመለሱ የሸክላና የፖርስሊን ዕቃዎችን መሰብሰብ ነው። ሰዎች ዕድሜ ልካቸውን ይለቅሟቸዋል፣ ይለዋወጧቸዋል፣ ይጣሉባቸዋልም። እኛ አገር «ሰብሳቢ ነኝ» ብሎ ደረቱን የሚነፋ ብዙ አያጋጥምም። ሰብሳቢዋ እናት ናት፤ ሙዚየሙም ቡፌው። ጠቡ ግን እኛም ዘንድ አልቀረም። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ከሰሜን ወሎ፣ ከሐብሩ ወረዳ፣ ከግራና የተጻፈ የአንድ ቤተሰብ ጉዳይ ነው። ወደ እሱ ከመግባታችን በፊት ግን ነገሩን ከሥሩ እንየው።

መዳፍ የምታክል ታንክ

«ሲኒ» የሚለው ስም ራሱ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ «የቻይና» እንደማለት ነው። የጠዋት ቡናችንን የምንጠጣበት ዕቃ ስሙን ከነአገሩ ይዞ ነው ቤታችን የገባው።

የጦርነት ማስታወሻ ፖርስሊን በብዛት የወጣው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ (እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1918) ነው። ስቶክ ኦን ትሬንት በምትባለው የእንግሊዝ የሸክላ ከተማ ጎስ የሚባል ፋብሪካ ነበር። እሱና ተፎካካሪዎቹ ለአገር ጎብኚ የሚሸጡ፣ የየከተማው አርማ የታተመባቸው ትናንሽ ነጭ ዕቃዎች ይሠሩ ነበር። ጦርነቱ ሲመጣ ያው ነጭ ፖርስሊን ታንክ፣ አምቡላንስ፣ የመድፍ ጥይት፣ ሰርጓጅ መርከብ ሆኖ መውጣት ጀመረ። ታንክ ጦር ሜዳ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 1916 ነው። ብዙም ሳይቆይ መዳፍ የምታክል የፖርስሊን ታንክ እናቶች ሳሎን ውስጥ ተቀመጠች። ልጇ ፈረንሳይ ምሽግ ውስጥ ላለ እናት እንግዲህ ያቺ ታንክ መጫወቻ አልነበረችም! ጀርመኖችም በበኩላቸው ስኒና ሳህን ላይ የብረት መስቀል ኒሻናቸውን ያትሙ ነበር።

ከዚህ ዓለም ውስጥ ልብ የሚያቆስልም አለ። በናዚ ዘመን «አላክ» የሚባል ፋብሪካ ነበር፤ ባለቤቱ ኤስ ኤስ የሚባለው ድርጅት። ዳካው ማጎሪያ ካምፕ ውስጥ እስረኞችን እያሠራ ያማሩ ቅርጻ ቅርጾች ያመርት ነበር። ዛሬም በውድ የሚፈልጉት ሰብሳቢዎች አሉ። እኔን ግን ማን ቢያስረዳኝ አይገባኝም።

የእኛስ?

የጦርነት «ማስታወሻ» ለወሰደው ነው ማስታወሻነቱ። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ስትወድቅ የእንግሊዝ ወታደሮች የዘረፉትን ደላንታ ሜዳ ላይ ሰብስበው ለሁለት ቀን በጨረታ ተሻሽጠውታል። እሱን ለማጓጓዝ 15 ዝሆንና ወደ 200 የሚጠጋ በቅሎ እንዳስፈለገ ተጽፏል። ወሎ ይህን አትረሳም።

ከጣሊያን ዘመን የቀሩ ሳህኖችና ኩባያዎችም አሉ። ገልብጠው ታቹን ቢያዩት የፋብሪካው ስም ይኖራል፤ «ሪቻርድ ጂኖሪ» ወይም «ላቬኖ» የሚሉት የታወቁ ናቸው። አንዳንዱ ላይ ከዓመቱ አጠገብ የሮማ ቁጥር ይታተማል። ፋሺስቶች ዘመን የሚቆጥሩት ሥልጣን ከያዙበት ከጥቅምት 1922 (እ.ኤ.አ.) ጀምረው ስለነበር፣ በሮማ ቁጥር 14 የሚል ካለበት ሳህኑ የተሠራው ከ1935 መጨረሻ እስከ 1936 መጨረሻ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ማለትም የማይጨው ጦርነት በተደረገበት ዓመት። ታዲያ እንዲህ ያለች ሳህን ቤት ውስጥ ስትገኝ ጥያቄው «ስንት ታወጣለች?» ብቻ አይደለም። አያት ከጣሊያን ምሽግ ማርከው ያመጧት ናት? ወይስ ጣሊያን በእጁ የሰጣቸው? አርበኛ ወይስ ባንዳ የሚለው ክርክር በአንዲት ሳህን ሲነሳ የሰማ ሰው፣ ዕቃ እንዴት እንደሚናገር ያውቃል።

ከሁሉ ግን ለዛሬው ጉዳያችን የሚቀርበው የኮሪያው ዘመቻ ነው። ከክቡር ዘበኛ የተውጣጡት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች በ1943 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ተነሥተው ኮሪያ ዘመቱ። በተከታታይ ሻለቃዎች የዘመቱት በጠቅላላ ከ6 ሺህ በላይ እንደሆኑ ይነገራል። ከ120 በላይ ወድቀዋል፤ ከ500 በላይ ቆስለዋል፤ አንድም የተማረከ የለም። ተኩሱ የቆመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ዓ.ም. ነው።

ወታደር ደግሞ እረፍት ይሰጠዋል። በኮሪያ የተዋጉ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች እረፍታቸውን የሚያሳልፉት ጃፓን ነበር። የቆሰሉትም የሚታከሙት ብዙ ጊዜ እዚያው ነው። ጃፓን ያኔ ከሽንፈቷ ገና መነሣቷ ስለነበር ለወታደር የሚሸጥ ዕቃ ገበያውን ሞልቶታል። ሐር፣ ሰዓት፣ ማራገቢያ፣ ከሁሉ በላይ የሻይ ዕቃ! ዘንዶ ጎልቶ የተሠራበት፣ ወርቅ ቅብ ያለው፣ ወደ ብርሃን ሲያነሡት ከታቹ የሴት ፊት ብቅ የሚልበት ሳይቀር አለ። አሜሪካኑም፣ እንግሊዙም፣ ቱርኩም ለሚስቱ ወይም ለእናቱ ቋጥሮ ወደ አገሩ ገባ። ሐበሻውስ ምን ቸገረው?

ከግራና የተጻፈው

ግራና በመስኖዋ የምትታወቅ፣ ሞቅ ያለች ሸለቆ ናት። ጽሑፉን የላኩልን አምሳ ዓመት ያለፋቸው የቤት እመቤት ናቸው። ስማቸውን እንደተለመደው ትተን ነገራቸውን በአጭሩ እናቅርብ።

አባታቸው ኮሪያ ዘምተው የተመለሱ ወታደር ነበሩ። ሲመለሱ ለእናታቸው የሻይ ማንቆርቆሪያና ሲኒዎች ይዘው ገቡ። ሲኒዎቹ ጆሮ የሌላቸው፣ ልክ እንደኛ ሲኒ በጣት የሚያዙ ናቸው፤ ጎናቸው ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ተስሏል። ከታቻቸው የማይነበብ ቀይ ጽሕፈት አለ። አባት ውትድርናውን ትተው ግራና ገቡና እርሻ ጀመሩ።

ደርግ መጣ። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወዳጅ ስለነበር ለደቡቡ የተዋጋ ዘማች መሆን የሚያኮራ ነገር መሆኑ ቀረ፤ ብዙ ዘማቾች ኒሻናቸውን ደብቀዋል። የግራናው አባትም ኒሻኑንም ሲኒውንም በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ማሽላ ጎታ ውስጥ ቀበሩት። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ አወጡት። ሲቆጠር ሲኒው አምስት ሆነ።

«ስድስተኛዋስ?» አሉ እናት። «ሲኒ መቼ ከስድስት ጎድሎ ያውቃል?»

አባት ምን አሉ? ምንም። ቀድሞም ነገር የማያበዙ ሰው ነበሩ ይላሉ ልጃቸው። ጥርጣሬው ታዲያ በማን ላይ ወደቀ መሰላችሁ? በታናሽየዋ ልጅ ላይ! ያኔ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ልዋጭ የሚለው ነጋዴ በመጣ ቁጥር አሮጌ ልብስ አውጥታ በሳህን የምትቀይረው እሷ ነበረች። «ከልብሱ ጋር ሲኒዋን ሰጥታዋለች» ተባለ፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ በኋላ ግን በአንድ ሠርግ ላይ ታላቅ ወንድሟ ጠጣ አለና በሰው ፊት «የአባቴን ሲኒ የሸጠች!» አላት።

ልጅቱ ጅዳ ገባች። አባት ሞቱ። እሷም ለለቅሶ አልመጣችም። ከዚያ ወዲህ ከእናትዋ ጋር አይነጋገሩም። «ብር ትልካለች፤ በእኔ በኩል ነው የምትልከው። እናቴም ትቀበላለች፤ ማን ላከው ብላ ግን ጠይቃኝ አታውቅም» ይላሉ ጸሐፊያችን።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ወልዲያና አካባቢው ሲደርስ ቤተሰቡ ወደ ደሴ ሸሸ። ሲመለሱ ቡፌው በግንባሩ ተደፍቷል። ሁለቱ ሲኒዎች ተሰብረዋል፤ ሦስቱ በተገለበጠ ቁና ሥር ደኅና ተገኙ። ማንቆርቆሪያው ክዳኑን ካጣ ቆይቷል፤ እናት ጤና አዳም ያስቀምጡበታል። አሁን ደግሞ አንድ የአዲስ አበባ ሰው ፎቶውን በቴሌግራም አይቶ «እገዛለሁ» አለ። ወንድም ቤት ማደሻ ይሆናል ብሎ ይሸጥ ይላል። እናት «ስድስተኛዋ ሳትመለስ አንዷም አትሸጥም» ብለዋል። እናት ታመዋል።

ጥያቄው «ብንሸጠው ስንት ያወጣል?» የሚል ነው። እኛ ግን ሌላ ነገር አየን!

አምስት ነው ወይስ ስድስት?

እህታችን፣ እባክዎ ይህን ቀስ ብለው ያንብቡት። በጃፓን አገር ለጃፓን ቤት የሚሸጥ የሻይ ሲኒ የሚጠቀለለው በአምስት ነው። ግማሽ ደርዘን የሚባል ነገር የፈረንጅና የእኛ ልማድ ነው። በጃፓንኛ አራት ቁጥር ድምፁ «ሞት» ከሚለው ቃል ጋር ስለሚመሳሰል ይሸሹታል፤ አምስት ግን ደስ የሚል ቁጥር ነው። አንድ ማንቆርቆሪያ፣ አምስት ጆሮ የሌላቸው ሲኒዎች፤ ይህ ሙሉ ዕቃ ነው። ምንም አልጎደለውም።

ለፈረንጅ የሚሠራው ዕቃ ሌላ ነው። እሱ ጆሮ ይኖረዋል፣ ማስቀመጫ ሳህን ይኖረዋል፣ ታቹ ላይም በእንግሊዝኛ «ሜድ ኢን ጃፓን» ይላል። ጃፓን በአሜሪካኖች ሥር በነበረችበት ጊዜ፣ እስከ እ.ኤ.አ. 1952 ድረስ፣ «ሜድ ኢን ኦኩፓይድ ጃፓን» የሚልም ብዙ ነበር። የእርስዎ ሲኒ ጆሮ የለውም፣ እንግሊዝኛም የለበትም። አባትዎ የፈረንጁን ዕቃ ትተው የአገሬውን ሱቅ የመረጡት፣ ምናልባት ዓይናቸው የእናታቸውን ሲኒ የሚመስል ነገር ሲያይ ይሆናል።

ማረጋገጫውም እጃችሁ ላይ ነው። ጤና አዳሙን አውጥታችሁ ማንቆርቆሪያውን ገልብጡት። ከታቹ ያለው ቀይ ጽሕፈት ከሲኒዎቹ ጽሕፈት ጋር አንድ ከሆነ ዕቃው አብሮ የተገዛ ነው። ጃፓንኛ የሚያነብ ሰው አዲስ አበባ አይጠፋም፤ ፎቶውን ልካችሁ የሠሪውን ስም ማስነበብ ይቻላል። እርግጥ ነው፣ እኛ እዚህ ሆነን ስንት ሲኒ ከጃፓን እንደተነሣ ምለን መናገር አንችልም። ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ አንዲት ልጅ የተወቀሰችበት ማስረጃ «ሲኒ ስድስት ነው» የሚል ብቻ ከሆነ፣ ማስረጃው ፈርሷል።

ታዲያ ይህን ለእናት ማን ይንገር? በእኛ አስተያየት እርስዎ አይደሉም። በሰው ፊት የተናገረው ወንድምዎ ነው። እሱ መጀመሪያ ጅዳ ይደውል። «ሲኒው አምስት ነበር፣ በድዬሻለሁ» ይበላት፤ ከዚያ እናት ዘንድ ሄዶ ይንገራቸው። ሽማግሌ ካስፈለገ ይጨመር፤ ሠርጉ ላይ የነበሩ ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል፤ ያኔ የሰሙትን አሁንም ይስሙ። እናትስ አላምንም ቢሉ? ሊሉ ይችላሉ። ስድስተኛዋን ሲኒ ይህን ያህል ዘመን ሲጠብቁ የኖሩ እናት፣ «የለችም፣ ኖራም አታውቅም» ሲባሉ በልጃቸው ላይ ያደረጉትን በአንድ ጊዜ ሊሸከሙት ነው። ስለዚህ ቀን ይሰጣቸው። ስልኩን ግን ከአጠገባቸው አታርቁት።

ይሸጥ ወይስ አይሸጥ?

አሁን ወደ ገንዘቡ። እውነቱን እንናገር፤ ቤት የሚያድስ ዋጋ አትጠብቁ። ከጃፓን ከጦርነቱ በኋላ የወጣው ፖርስሊን እጅግ ብዙ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ የአያት ቤት ሲጸዳ በካርቶን ይወጣል። ከዚያ ላይ የእናንተ ዕቃ ከአምስቱ ሁለቱ ተሰብረዋል፣ የማንቆርቆሪያው ክዳን የለም። ሰብሳቢ ሙሉ ዕቃ ነው የሚፈልገው። ዋጋ የሚጨምረው ታሪኩ ነው፦ የዘማቹ ፎቶ፣ ኒሻኑ፣ የተሰናበተበት ወረቀት። የቴሌግራሙ ሰውዬ «ኒሻኑም አለ ወይ?» ብሎ ከጠየቀ፣ የመጣው ለሲኒው እንዳልሆነ ይወቁት። ኒሻኑን አይስጡ።

ለሌሎች አንባቢያንም ይህች ትጠቅማለች። ፖርስሊን መሆኑን ለማወቅ ወደ ብርሃን አንሥተው ጣትዎን ከኋላ ያሳልፉ፤ ጥላው ከታየ ፖርስሊን ነው። በጥፍርዎ ቀስ ብለው ቢመቱት ጥርት ያለ ድምፅ ካሰማ ስንጥቅ የለበትም፤ ደነዝ ካለ ግን የማይታይ ስንጥቅ አለው። በእውነት ያረጀ ዕቃ የሚቆምበት የታችኛው ቀለበት ተፍቆ ይታያል። ላይ ላዩ በሻይ ተነክሮ ያረጀ የመሰለ፣ ታቹ ግን አዲስ የሚያበራ ከሆነ... ይተዉት። የጦርነት ዕቃ ላይ ማጭበርበር ብዙ ነው፤ የናዚው ፖርስሊንማ ከእውነተኛው ይልቅ ሐሰተኛው ሳይበዛ አይቀርም። ባዶ ሲኒ ገዝቶ አርማ ማተም የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ሕጉም አይዘንጋ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የሆነን ነገር ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት የተከለከለ ነው። የጃፓን ሲኒ ቅርስ ነው ብሎ የሚከራከር ላይኖር ይችላል፤ የጃንሆይ ዘመን ኒሻንና ሰነድ ግን ሌላ ነገር ነው። ወደ ውጭ ለሚወስድ ሰው ከመሸጥ በፊት የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይሻላል። አዲስ አበባ አፍንጮ በር አካባቢ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ፤ አንዲቱን ሲኒ ከነታሪኳ ለዚያ ለመስጠት ብታስቡ እኛ ደስ ይለናል፤ ውሳኔው ግን የእናትየው ነው። ኮሪያኖቹ በበኩላቸው አልረሱም፤ ጃንሆይ በ1960 ዓ.ም. ቹንቾን ከተማ ለዘማቾቹ የቆመውን ሐውልት መርቀው ነበር፤ በዓመቱ እዚያው አቅራቢያ «የኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤት ተከፍቶ ሲሠራ ኖሯል።

አያያዝ

ቡና ይጠጣባቸው? አንመክርም። ከመስተዋቱ በላይ በቀለምና በወርቅ የተሳሉ አሮጌ ዕቃዎች እርሳስ የሚባለው መርዛማ ማዕድን ሊኖርባቸው ይችላል፤ ትኩስና ኮምጣጣ ነገር ደግሞ ያወጣዋል። አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ከጅዳ ሰው ሲገባ፣ አንድ አቦል ቢጠጣባቸው የሚሞት የለም። የዘወትር አታድርጓቸው። ለሕፃን ደግሞ በፍጹም።

ሲታጠቡ ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይሁን። በሽቦ መፈግፈግ፣ በረኪና መጨመር ወርቁን ይበላዋል። አንዱን በአንዱ ላይ አይደራርቡ። ልዋጭና ቆራሌው ቤት በመጡ ቀን ደግሞ ቡፌው ይቆለፍ። ይህን የምንለው ለግራናዋ ልጅ ሳይሆን ለሁላችንም ነው፤ አሮጌ ነገር ሁሉ ቆሻሻ እየመሰለን ስንቱን በፕላስቲክ ባልዲ ለውጠናል!

አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ኃጢአት ይሆንብናል። ጦርነት ባለፈበት አገር «ማስታወሻ» የሚሰበስቡት ትልልቆች ብቻ አይደሉም። በየሜዳው የወደቀ ቀለህ፣ የሚያብረቀርቅ ብረት ልጆችን ይጠራል። የመድፍ ቀለህ ሙቀጫ ሆኖ፣ ደወል ሆኖ፣ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ አይተናል፤ ባዶ ከሆነ ደግ። ያልፈነዳውን ግን ከባዶው ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ብቻ ነው። ማንም ሰው አያንሣው፣ አይመታው፣ እሳት አጠገብ አያድርገው። ቦታውን በድንጋይ ወይም በእሾህ አጥሮ ለፖሊስ መንገር ነው። ቤት ውስጥ ገብቶ የቆየም ካለ እንዳለ ተትቶ ሰው ይጠራ።

ስለተሰበሩት ሁለቱ ሲኒዎች ጠይቀውናል። በሱፐር ግሉ እንዳያጣብቋቸው፤ አንዴ ከተጣበቀ በኋላ ባለሙያ ቢገኝ እንኳ ለማስተካከል ያስቸግራል፣ መጠጫም አይሆንም። ትንንሾቹን ስባሪዎች ሳይቀር ይልቀሟቸው፤ የአንዱን ከሌላው ሳይቀላቅሉ በሁለት ንጹሕ ጨርቅ ለየብቻ ይቋጥሯቸው። በእያንዳንዱ ቋጠሮ ውስጥ ወረቀት ያኑሩ፤ የማን እንደነበሩ፣ ከየት እንደመጡ፣ መቼ እንደተሰበሩ ይጻፍ። «ከአምስቱ አንዱ» ብላችሁም ጨምሩበት።